አንድ እርምጃ እርጥብ መሬት

የሰኔ ሰማይ እንደዚያ ዓመት ሰውን አስጠብቆ አያውቅም። ሰቆጣ ላይ ደመናው ጠዋት ይሰበሰባል፣ ከሰዓት ይበተናል፤ ነፋሱም አቧራና ካፊያ እንጂ ዝናብ አያመጣም። ይስማው የሚሠራበት የግብርና ቢሮ ሲገባ የሥራ ባልደረባው የሻምበል ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ብቻውን ይስቃል።

«ና እስቲ ተአምር እይ!» አለው። «ደሃና ደረቅ ነው። አበርገሌንስ ተወው፣ እሳት ነው። ወይራ አምባ ግን ረስርሷል! ለቄስ አሥራተ ማርያም ማሳ ብቻ ተለይቶ ይዘንባል እንዴ?»

ይስማው ከባልደረባው ትከሻ በላይ ጎንበስ ብሎ አየ። በየማሳው የተቀበሩት የአፈር እርጥበት ሴንሰሮች የላኩት ቁጥር በስክሪኑ ላይ ተሰልፏል። ሴንሰር ሲሉት የሚያስፈራ ነገር ይመስላል እንጂ ብዙም አይደለም፤ ከመሬት በታች አንድ ስንዝር ገብተው የሚቀበሩ ሹል ብረቶች፣ ከእነሱ የሚወጣ ገመድ፣ በገመዱ ጫፍ ደግሞ ምሰሶ ላይ የቆመች አንዲት ሳጥን። ሳጥኗ ኃይሏን ከፀሐይ ታገኛለች፤ አፈሩ ምን ያህል ውሃ እንደያዘም በስልክ ኔትወርክ ለሰቆጣ ትናገራለች። የሌሎቹ ማሳዎች መስመር ዝርግ ብሎ ተኝቷል። የወይራ አምባው ብቻ እንደ ተራራ ሽቅብ ወጥቷል።

«ባለፈው ሄጄ ቀይሬው ነበር እኮ» አለ ይስማው።

«ከዚያ በፊትም ሄደህ ነበር። ደርሰህ ስትመለስ ይደርቃል፤ ሰንበትበት ሲል እንደገና ይረጥባል። እኔ እንጃ ወንድሜ፣ ይቺ ሴንሰር ናፍቀሃታል መሰለኝ!»

የሻምበል ስቆ ሲያበቃ ፊቱን ኮስተር አደረገ። «ቀልዱ ቀልድ ነው። ነገ ለገበሬው መልእክት ይሄዳል። የሰሞኑ ካፊያ ላዩን አርጥቦታል፤ ሰው እኛን የሚጠይቀን ከሥር ያለውን ነው። በቂ እርጥበት አለ ካልናቸው የወይራ አምባ ሰዎች ገብሳቸውን ይዘራሉ። ቁጥሩ ውሸት ከሆነ ዘሩ ይበቅልና ይደርቃል፤ ድጋሚ የሚዘሩት ከየት ያመጣሉ? አይተህ ከዚያው ደውልልኝ። አሁንም ካስቸገረ ነቅለን ሌላ ቦታ እንተክለዋለን።»

«ነቅለን?»

«ምነው፣ የአባትህ ርስት ነው?»

 ይስማው የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ከግድግዳው አንስቶ ወጣ። ያ ብረት ከተነቀለ፣ እሱን ወደ ወይራ አምባ የሚያስሄደው ብቸኛ ምክንያት አብሮ እንደሚነቀል የሻምበል በምን ያውቃል?

*

ከሰቆጣ ወደ ጋዝጊብላ ወረዳ የሚወስደው መንገድ ኮረብታውን እየዞረ ይወጣል። ይስማው በዚያ መንገድ ሲነዳ ሞተሩ ወደፊት፣ ሐሳቡ ወደኋላ ነው።

ወይራ አምባ ተወልዶ ያደገባት መንደር ናት። እናቱ ደብሬ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቤታቸውም ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ጭቃው ከሚቆፈርበት ገደል ሥር ነው። የመንደሩ ሰው ከሸክላ ሠሪ ቤት ጋር ባንድ ገበታ አይቀርብም፤ መጋባትማ አይታሰብም። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

ወደ ወረዳው ከተማ ወደ አስከተማ ለትምህርት ይመላለሱ በነበረበት ጊዜ የመንደሩ ልጆች ዳገቱን ሲጨርሱ ውሃ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ውሃው ይስማው ጋ ሲደርስ ይዘለዋል። እሱም ለምዶት የራሱን ኮዳ ይዞ ከኋላ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን አመተ ሥላሴ፣ የቄስ አሥራተ ማርያም ልጅ፣ ወደ ኋላ ተመልሳ ኮዳውን ከእጁ ቀማችውና ሁሉም እያዩ ጠጣች። ጠጥታ ስታበቃ አፏን እንኳ አልጠረገችም።

«ምን ታዩኛላችሁ? ውሃ ነው!» አለች።

ይስማው ያን ቀን ኮዳውን አቅፎ እቤቱ ገባ። ሲያስበው፣ ከዚያ ቀን በፊት የነበረው ዕድሜው የሌላ ሰው ይመስለዋል።

አሥረኛ ክፍልን ሲጨርሱ እሱ ትምህርቱን ሊቀጥል ወደ ሰቆጣ ሄደ፤ እሷን ቤተሰቧ እቤት አስቀሯት። መንገዱ የሚለያይበት ቦታ ድረስ ሸኘችው። «ሰቆጣ ሰው ትውጣለች ይላሉ፤ አንተንም እንዳትውጥህ» አለችው። የሚመልሰው ነገር አፉን ሞልቶት ሳለ ሳቀ። ሳቀና ሄደ። ያን ሳቁን ከዚያ ወዲህ ስንቴ ረግሞታል!

ሥራ ይዞ፣ ሴንሰር የሚተከልበት ማሳ ሲፈለግ «የቄስ አሥራተ ማርያም ማሳ ደልዳላ ነው፤ ለሥራው ይመቻል» ብሎ ያመለከተው እሱ ራሱ ነበር። ማሳው ደልዳላ መሆኑ እውነት ነው። ይስማው እንዲያመለክተው ያደረገው ግን ደልዳላነቱ አልነበረም።

ታዲያ ምን ያደርጋል! ለመጀመሪያ ጊዜ «ሴንሰሩ ተበላሸ» ተብሎ ሲሄድ አመተ ሥላሴ ከማሳው ድንበር ላይ መጥታ ቆመች። መንገዱን ሙሉ ሲያሰናዳው የመጣው ንግግር ከአፉ ጠፋና «ገመዱን ፍየል ነክሶት ይሆን እንዴ?» አላት። ከስንት ዓመት በኋላ ያላት ይህን ነው። «እንጃ፤ ፍየሎቹን ጠይቃቸው» ብላው ሄደች። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ቀና ብሎም አላያትም። አስከተማ ገበያ ላይ ወሬውን ሰምቶ ነበርና።

ዲያቆን የኔሰው ጠይቋታል። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት አለበት፤ የቄስ ልጅ ደግሞ ለዲያቆን ተፈልጋ የማትገኝ ሙሽራ ናት። የዲያቆኑ ሽማግሎች የፊታችን እሁድ ቁርጡን ሊሰሙ ይመጣሉ ተብሏል። ይስማው ይህን እያሰበ ዳገቱን ጨረሰ። ነፋሱ ነው ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

*

ማሳው ላይ ሰው አልነበረም። ይስማው ተንበርክኮ በመኮትኮቻው ሴንሰሩ የተቀበረበትን ቦታ ገለጥ አደረገ። አፈሩ ጠቁሯል፣ ቀዝቅዟል፣ ሲጨብጡት ይጣበቃል። ሳጥኗ እውነቷን ነው! አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆፈረ። ካፊያው ካረጠበው ስስ ሽፋን በታች አቧራ ነው። በሌላው በኩል ቆፈረ፤ አቧራ። በላይ በኩል፣ በታች በኩል፤ አቧራ። እርጥቡ መሬት ብረቶቹን መሀል አድርጎ፣ ሰው እንደሚቀመጥበት አጎዛ ያህል ክብ ሠርቶ ቆሟል።

ሰማይ እንዲህ አድርጎ አይዘንብም።

«ዛሬም ገመዱን ልትጠይቅ ነው የመጣህ?»

ዞረ። አመተ ሥላሴ ከድንበሩ ላይ ቆማለች። ጀሪካን በገመድ አዝላለች፤ ገመዱ ትከሻዋን ሰርጎዶታል። ፀሐዩን ከኋላዋ አድርጋ ስለቆመች ፊቷን ለማየት ዓይኑን ማጥበብ ነበረበት።

«አመቴ» አላት፤ በልጅነታቸው እንደሚጠራት። «እዚህ ቦታ ላይ ውሃ የሚደፋ ሰው አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ማነው?»

«ታውቀዋለህ። አንድ ጊዜ ኮዳህን ቀምቶ ጠጥቶብሃል።»

የይስማው መኮትኮቻ ከእጁ ወደቀ። «አንች?»

«ይህን ብረት ስትተክል ለአባቴ የነገርከውን ሰምቻለሁ። ‹አፈሩ ሲለወጥ ሰቆጣ ሆኜ አያለሁ፤ ችግር ካለ ወዲያው እመጣለሁ› አልክ። ችግር ፈጠርኩልህ። መጣህ፤ ሽቦ አይተህ ሄድክ። ደግሜ ፈጠርኩልህ። ደግመህ መጣህ፤ ደግመህ ሽቦ አይተህ ሄድክ።» ድምጿ ተሰበረ። «ሽቦ መሆን አማረኝ እኮ፣ ይስማው!»

ይስማው ምንጩ ያለበትን ያውቃል። በዚህ ወራት ውሃው በጠብታ ነው የሚቀዳው፤ ዳገቱም ዳገት ነው። ያን ሁሉ ተሸክማ፣ ለአንድ ስንዝር ብረት!

«ለእናትሽ ምን ትያቸዋለሽ?»

«ተደናቅፌ ተደፋብኝ እላታለሁ። ‹ዘንድሮ እግርሽን ምን ነካው› ትለኛለች።» በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች።

ይስማው ሊስቅ ነበር፤ ግን የሻምበል ያለው ትዝ አለው። «አመቴ፣ በዚህ ቁጥር ሰው ሊዘራበት ነው! ነገ ‹ዝሩ› ሊባል ነው። መንደሩ በሙሉ ዘሩን ደረቅ አፈር ላይ ሊጥል ነው!»

የፊቷ ቀለም ሲለወጥ አየ። «እኔ…» አለች። «እኔ አንተን ብቻ የሚጠራ መስሎኝ ነበር።»

 ከዚያ ይስማው ሳያስበው ጠየቃት፤ «እሁድ የሚመጡት የዲያቆኑ ሽማግሎችስ?»

«እኔን የጠየቀኝ የለም። አንድ ቀን ይጠይቀኛል ያልኩት አንተን ነበር፤ አንተ ደግሞ ገመድ ትጠይቃለህ።»

«የማን ልጅ እንደሆንኩ ረሳሽው?»

«እኔ አልረሳሁም። አንተ ነህ ለአንድ ቀን እንኳ መርሳት ያቃተህ።»

 ዕድሜውን ሙሉ ሌሎች ያጠሩበት የመሰለው አጥር፣ ግማሹ በራሱ እጅ የታጠረ መሆኑን ይስማው ያን ጊዜ አየ። አየና አፈረ።

*

የሞተር ድምፅ የሰማ የመንደር ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የሚጠብቀው ወሬ አለዋ። ቄስ አሥራተ ማርያም ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከፊት፣ ጎረቤታቸው መንግሥቴና ሌሎች ገበሬዎች ከኋላ ሆነው መጡ። አመተ ሥላሴ ፈንጠር ብላ ቆመች።

«እህሳ ይስማው!» አለ መንግሥቴ ገና ሳይደርስ። «ሳጥንህ ምን አለች? ዘሩን ከጎታ አውጥተን አዘጋጅተናል፤ እንዝራ አንዝራ?»

ይስማው ወደ አመተ ሥላሴ አላየም። ካያት ምስጢሯ ፊቱ ላይ እንደሚነበብ ያውቃል። እውነቱን ቢናገር የቄሱ ልጅ እሁድ ሳይደርስ የመንደር መሳቂያ ትሆናለች። ዝም ቢል የገበሬው ዘር ይባክናል።

«አትዝሩ» አለ። «ታች ደረቅ ነው። የመጣው ቁጥር ትክክል አይደለም። ጥፋቱም የእኔ ነው፤ ስተክለው አበላሽቼዋለሁ።»

«አላልኳችሁም?» መንግሥቴ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «የሸክላ ሠሪ ልጅ እጁን የቀበረበት መሬት ምን ሊሆን ኖሯል? እኔን ከጠየቃችሁኝ ዝናቡን ያራቀውም ይኼው ብረት ነው!»

አንዱ ሽማግሌ በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቄስ አሥራተ ማርያም አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። «ሦስተኛህ ነው ልጄ» አሉት ቀስ ብለው። «እኔም ለሰው ‹እንስማው› ስል ነበር። በቃ፤ ነቅለህ ይዘህልኝ ሂድ።»

ይስማው ተንበረከከ። እጁን ወደ እርጥቡ አፈር ሰዶ ገመዱን ያዘ። ለእሱ ተብሎ ዳገት የወጣ ውሃ ነው። ከዚያ ወዲያ ያን አፈር የሚነካበት ቀን አይኖርም። ገመዱን መዳፉ ላይ ጠቀለለው።

ከኋላው የጀሪካን መሬት መውደቅ ተሰማ።

«አትንቀል!» አለች አመተ ሥላሴ። «አባ፣ አይነቀል። መሣሪያው አልዋሸም፤ እሱም አላበላሸም። መሬቱ እርጥብ ነው ያለው እርጥብ ስለሆነ ነው። ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ቄስ አሥራተ ማርያም ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩ ይመስል አዩዋት። «ምን አልሽ?»

«ከምንጭ እየቀዳሁ። እኔ ነኝ።»

«ሰው የሚጠጣው ባጣበት? ለምን ብለሽ?»

ያን ጊዜ አመተ ሥላሴ አንገቷን ልትደፋ ትችል ነበር፤ አልደፋችም። አባቷን፣ መንግሥቴን፣ የቆመውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አየች። መጨረሻ ላይ ይስማውን አየችው፤ ዓይኗንም ከእሱ ላይ አላነሳችም።

«እንዲመጣ» አለች።

አንድ ቃል ነው። መንግሥቴ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እንደከፈተው ቀረ። ቄስ አሥራተ ማርያም ፀሐዩ አናት እየበሳ ሳለ ጃንጥላቸውን አጥፈው ወደ ቤታቸው አቀኑ። አመተ ሥላሴ ጀሪካኗን ሳታነሳ ተከተለቻቸው። መንግሥቴ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ… ዘሩን ወደ ጎታው እንመልሰው» አለ።

ይስማው ስልኩን አውጥቶ ደወለ። «የሻምበል፣ ሴንሰሩ ደህና ነው። መልእክቱን ግን እንዳትልክ፤ ታች ደረቅ ነው። ውሃ ተደፍቶበት ነው።»

«ማን ነው የደፋበት?»

«ሰው።»

«ምን ዓይነት ሰው በዚህ ድርቅ…»

«ስመለስ እነግርሃለሁ» ብሎ ዘጋው። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ቄሱ ቤት አቀና። 

*

በዚያ አገር ልጅ ሊጠይቁ የሚሄዱ ሽማግሎች በር ላይ ይቆማሉ። የመጡበት ጉዳይ ካልተሰማላቸው፣ ተቀመጡ ቢባሉም አይቀመጡም። ይስማው ይህን እያወቀ ብቻውን ሄዶ ከቄስ አሥራተ ማርያም በር ላይ ቆመ።

ቤቱን ከውስጥ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ቄሱ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ከግድግዳው ሥር ጋንና እንስራ በተርታ ቆመዋል። ከእንስራዎቹ አንገት ላይ ያለችውን የአውራ ጣት ምልክት ከሩቅ አወቃት፤ የእናቱ ጣት ናት። እናቱ የሠራችው ሁሉ ገብቶ እዚህ ይኖራል፤ እሷ ግን ከአጥሩ አልፋ አታውቅም። 

«ግባ ያለህ አለ?» አሉ ቄሱ ቀና ሳይሉ።

«የለም አባ።»

«ታዲያ ምን ትቆማለህ?»

«ለጉዳይ ነው የመጣሁ።»

አሁን ቀና አሉ። ይህች ቃል የሽማግሌ ቃል ናት። «ለዚህ ጉዳይ ሰው ብቻውን ሲቆም አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። የሚቆምልኝ ስላጣሁ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ከጓዳ የሚስታቸው የወይዘሮ ጥሩሐረግ ድምፅ መጣ። «እኔ ደግሞ ዘንድሮ የልጅቷን እግር ምን ነካው እላለሁ!» እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አይለይም።

 «የኔሰው መልካም ልጅ ነው» አሉ ቄስ አሥራተ ማርያም። «እሁድ ቃሌን ልሰጥ ነበር። አሁን ለሽማግሎቹ ምን እላቸዋለሁ? ልጅቷ አለች፣ ልቧ ግን ከማሳው ላይ ውሃ ሲደፋ ይውላል እላቸዋለሁ?»

ይስማው ድፍረት ተሰማው። «አባ፣ ሰቆጣ ውስጥ አለቆቼ አሉ። የተማሩ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ቢፈቅዱልኝ እነሱን ይዤ ልምጣና…»

«አይሆንም!»

ይስማው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«የቢሮ ሰው በዚህ በር እንዳታመጣብኝ» አሉ ቄሱ። «እኔ ልጄን የምድራት ለቢሮ ነው? የእናትህ ወንድሞች አሉ አይደል፣ ከገደሉ ሥር ያሉት?»

«አሉ አባ።»

«እነሱን ይዘህ ና። እዚህ በር ላይ ቆመው ይጠይቁኝ፤ እኔም ተቀምጬ እሰማቸዋለሁ። ከእሁድ በፊት ይሁን።» ከዚያ ያሉት ነገር ራሳቸውን ያስደነገጣቸው ይመስል ጣታቸውን ቀሰሩ። «ደግሞ ስማ! እሺ አላልኩም። ኑ ነው ያልኩ።»

ይስማው እጅ ነሥቶ ወጣ። አመተ ሥላሴ አጥሩን ተደግፋ ትጠብቅ ነበር።

«ምን አሉህ?»

«ኑ አሉ።»

«ኑ?»

«ከአጎቶቼ ጋር። ኑ።»

ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። 

ሞተሩን ማሳው ዳር ትቶ በእግሩ ወደ ገደሉ ሥር ወረደ። «የቄሱ ቤት ጠራን» ቢላቸው አጎቶቹ ያምኑት ይሆን? ትልቁ አጎቱ ይስቅበታል፣ ትንሹ ይቆጣል፣ እናቱ ደግሞ እጇን ከጭቃው ትታጠባለች። ልጅ ሳለ ያን ቁልቁለት በሩጫ ነበር የሚወርደው። ያን ቀን ግን ቀስ ብሎ፣ ድንጋዩን ሁሉ እየረገጠ ወረደው፤ ቶሎ እንዳያልቅበት።